ለቆየ የጭቃ ቤት የእንጨት መስኮት መሥራትና መትከል፦ ከልኬት እስከ መስታወት

የአያቴ ቤት ደብረ ማርቆስ ነው። የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን። አራት መስኮት አለው። የሁለቱ ደፍ፣ ማለትም የታችኛው አግዳሚ እንጨት፣ በስብሶ በጣት ሲነኩት ይፈረፈር ነበር። ጎረቤት ሁሉ "የብረት አስገባና ተገላገል" አለኝ። እኔ ግን እንጨቱን በእንጨት ለመተካት ወሰንሁ።

ምክንያቴ ናፍቆት ብቻ አልነበረም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ያለች ደጋ ናት። በክረምት ጠዋት የብረት መስኮት ያልበዋል። ላቡ ወርዶ የግድግዳውን ጭቃ ያርሰዋል። የጭቃ ቤት ደግሞ ዝም ብሎ የቆመ ነገር አይደለም። ክረምት ሲገባ ያብጣል፣ በጋ ሲሆን ይጨማተራል። እንጨት ከዚህ ጋር አብሮ ይሄዳል። ብረት ግን ንቅንቅ ስለማይል ዙሪያው ያለው ልስን ይሰነጠቃል።

ሥራውን ያሳዩኝ አንድ ሽማግሌ አናጢ ናቸው። እጄ ላይ ሜትር ሲያዩ የመጀመሪያ ቃላቸው "ልጄ፣ ቀድመህ ቤቱን እየው፤ እንጨቱ ይደርሳል" የሚል ነበር። ይህን መመሪያ ስጽፍም ከዚህ ቃል አልወጣሁም። በአሮጌ ቤት ላይ ቤቱን ለመስኮቱ ብላችሁ አታፍርሱ። መስኮቱን ለቤቱ ሥሩት። አራት መስኮት ካለ አራት ልኬት አለ ማለት ነው።

መቼ ይጀመር?

ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሥሩ። ጭቃው ቶሎ ይደርቃል፣ ግድግዳው ሲከፈት ዝናብ አይገባበትም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። እንጨት በበጋ ይሰበሰባል፣ በክረምት ይሰፋል። በጥር ልክክ ብሎ የገባ መዝጊያ በሐምሌ አይከፈትም። በተቃራኒው በነሐሴ የተገጠመ መዝጊያ በጥር ነፋስ ያስገባል። በበጋ ስትሠሩ በየጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት መተው ያለባችሁ ለዚህ ነው። በክረምት ለመሥራት ከተገደዳችሁ 2 ይበቃል።

እንጨቱ

የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ዋንዛ ነው። ለመጋዝም ለመላጊያም ይመቻል። በደንብ ከደረቀ ብዙ አይጣመምም። መሃሉ፣ ማለትም ቡናማው ክፍል፣ ምስጥን በመጠኑ ይቋቋማል። ነጣ ያለውን የዳር ክፍል ግን ቁረጡና ጣሉት፤ ምስጥ መጀመሪያ የሚይዘው እሱን ነው።

ጽድ ለደፍ ከዋንዛም ይበልጣል። እርጥበት ቶሎ አያበሰብሰውም፣ ምስጥም ብዙ አይደፍረውም። ችግሩ ሚስማር ሲመታበት መሰንጠቁ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በትራፓኖ ብሱት። ዝግባ ቀጥ ያለና ለእጅ የሚመች እንጨት ነው፤ ግን ለቤት ውስጥ እንጂ ዝናብ ለሚመታው ነገር አይሆንም። ባሕር ዛፍ ለቋሚና ለማገር ጎጃም ሙሉ የሚመካበት ነው። ለመስኮት መዝጊያ ግን አልመክረውም። ሲደርቅ ይጠመዘዛል፣ ይሰነጠቃል። ከወይራ ትንሽ ቁራጭ ፈልጉ፤ ለችንካር፣ ማለትም ማዕዘን ለሚያጠብቀው የእንጨት ሚስማር፣ ትሆናለች።

ዋንዛ፣ ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሏቸው የነበሩ ዛፎች ናቸው። ከራሳችሁ ግቢ ብትቆርጡ እንኳ መጀመሪያ ቀበሌ ጠይቁ። እኔ ከሁሉ የምወደው ከፈረሰ ቤት የወጣ እንጨት ነው። ዓመታት ሲደርቅ ኖሯል፤ ሊጣመም የነበረውን ሁሉ ተጣሞ ጨርሷል። መላጊያ ከማሳረፋችሁ በፊት ግን ሚስማሩን አንድ በአንድ ልቀሙ። አንድ የተደበቀ ሚስማር የመላጊያውን ስለት ይገድለዋል።

አዲስ እንጨት ከገዛችሁ ሻጩ "ደርቋል" ስላለ ብቻ አትመኑ። እኔ አምኜ የገዛሁት የዋንዛ ጣውላ በጥር ተጠምዝዞ ሁለት መዝጊያ አበላሽቶብኛል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከጣውላው አንድ ቁራጭ ቁረጡና በኩሽና ሚዛን መዝኑት። ክብደቱን በእርሳስ ራሱ ላይ ጻፉ። በየሳምንቱ ደግማችሁ መዝኑ። ሦስት ሳምንት ተከታትሎ ክብደቱ ካልቀነሰ ደርቋል። እየቀነሰ ከሆነ አልደረሰም። ጣውላውን በጥላ ሥር፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባችሁ ደርድሩት። ጫፍና ጫፉን ቀለም ቀቡት፤ በጫፉ በኩል ቶሎ ስለሚደርቅ ይሰነጠቃል። 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ በአየር ለመድረቅ አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል። ቸኩሎ ፀሐይ ላይ ማስጣት እንጨቱን ማቃጠል ነው።

ቤቱን መለካት

የድሮውን መስኮት ከማውጣታችሁ በፊት በቢላ ጫፍ ዙሪያውን ወጋ ወጋ አድርጉ። ቢላው በቀላሉ ከገባ በስብሷል። በተለይ ከመስኮቱ በላይ ግድግዳውን የተሸከመውን እንጨትና በግራ በቀኝ የቆሙትን ቋሚዎች ፈትሹ። ተሸካሚው ከበሰበሰ መስኮቱን አትንኩ። መጀመሪያ በሞራሌ ደግፉትና እሱን ቀይሩ። እዚህ ላይ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ልምድ ያለው አናጢ ጥሩ።

የድሮውን ፍሬም በመዶሻ እየደበደባችሁ አታውጡ። ጭቃው አብሮ ይረግፋል። በብረት መጋዝ ሚስማሮቹን በፍሬሙና በቋሚው መካከል ቁረጡ፣ ከዚያ ደፉን መሃሉ ላይ በመጋዝ ለሁለት ክፈሉትና ወደ ውስጥ ሳቡት። ቀለሙ የቆየ ከሆነ በደረቁ አትፈግፍጉት። የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። እያረጠባችሁ ፋቁ፣ ልጆችን አርቁ፣ ፍቅፋቂውን ሰብስባችሁ አስወግዱ።

አሁን ለኩ። ስፋቱን ላይ፣ መሃልና ታች፤ ቁመቱን ግራ፣ መሃልና ቀኝ። ከዚያ ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ሁለቱንም ለኩ። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ከሆኑ ቀዳዳው ቀጥ ያለ ነው። የእኔ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ይበላለጡ ነበር። ይህ ለጭቃ ቤት ብዙ አይደለም። ፍሬሙን ግን እንደ ቀዳዳው አጣማችሁ አትሥሩት። ሁልጊዜ ትንሹን ልኬት ውሰዱ፣ ከዚያ ላይ 4 ሳንቲ ሜትር ቀንሱ፣ ፍሬሙን ቀጥ አድርጋችሁ ሥሩ። ልዩነቱን ጭቃው ይሸፍነዋል።

የአንዱን መስኮት ልኬት እንደ ምሳሌ ልያዝ። ትንሹ ስፋት 84፣ ትንሹ ቁመት 104 ሳንቲ ሜትር ነበር። ስለዚህ ፍሬሙ 80 በ100 ሆነ።

ፍሬሙ፦ መቃን፣ ጉበንና ደፍ

ሁለቱ መቃኖች፣ ማለትም የጎኖቹ ቋሚዎች፣ እና ጉበኑ፣ ማለትም የላይ አግዳሚው፣ 5 በ10 ሳንቲ ሜትር ይሁኑ። ደፉ 6 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይኑረው፤ ወርዱ ከግድግዳው ፊት ቢያንስ 4 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ እንዲወጣ አድርጋችሁ ቁረጡት። ውስጡ ያለው ክፍት ቦታ እንግዲህ 70 በ89 ይሆናል።

አብዛኛው የእንጨት መስኮት የሚሞተው በደፉ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ጊዜ አጥፉ። የደፉ የላይ ፊት ወደ ውጭ መዳፋት አለበት፤ በ10 ሳንቲ ሜትር ላይ ከ1.5 ሳንቲ ሜትር አያንስ። ከሥሩ ደግሞ ከውጨኛው ጠርዝ 2 ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትንሽ ቦይ ቆፍሩ፤ 8 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 6 ሚሊ ሜትር ጥልቀት። የዝናብ ውሃ በእንጨቱ ሥር ተለጥፎ ወደ ግድግዳው መሄድ ይወዳል። ቦዩ ጋ ሲደርስ ግን መሻገር አቅቶት ይንጠባጠባል። በአያቴ ቤት የበሰበሱት ሁለቱ ደፎች ቦይ አልነበራቸውም። ደህና የቆዩት ሁለቱ ነበራቸው። ይህን ካየሁ በኋላ ያለ ቦይ ደፍ አልሠራም።

መዝጊያው ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን፤ ወደ ውስጥ ከሚከፈተው ይልቅ ውሃ ይከላከላል። ስለዚህ በመቃኖቹና በጉበኑ የውጭ ጠርዝ ላይ መዝጊያው የሚያርፍበትን እርከን አውጡ። ጥልቀቱ 12 ሚሊ ሜትር፣ ወርዱ የመዝጊያው ውፍረት ያህል፣ ማለትም 4 ሳንቲ ሜትር። ደፉ ላይም እንዲሁ መዝጊያው የሚደገፍበት 12 ሚሊ ሜትር ከፍታ በውስጥ በኩል አስቀሩ፤ ዳፋቱ የሚጀምረው ከእርከኑ ሥር ነው።

ማዕዘኖቹን በሚስማር ብቻ አትምቱ። ወንዴና ሴቴ አድርጓቸው። የአንዱ እንጨት ጫፍ ምላስ ይሆናል፣ ሌላው ላይ ምላሱ የሚገባበት ቀዳዳ በመሮ ይወጣል። የምላሱ ውፍረት የእንጨቱን ሲሶ ያህል ይሁን። 5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ማለት ነው። የመሯችሁን ስፋት ለኩና ምላሱን በመሮው ልክ አድርጉት፤ ሥራው በግማሽ ይቀላል። ቀዳዳውን ከሁለቱም ወገን እስከ መሃል ቆፍሩ። ከአንድ ወገን ብቻ ከሄዳችሁ ማዶ ሲወጣ እንጨቱን ይቀድደዋል።

ምላሱ በእጅ ግፊትና በቀላል መዶሻ ምት መግባት አለበት። ወዲያው ከወደቀ ላላ፤ በኃይል ካልሆነ እንቢ ካለ ቀዳዳውን ይሰነጥቃል።

አሁን ወደ ችንካሩ። አናጢው ያሳዩኝ ዘዴ ይህ ነው። ቀዳዳ ያለውን እንጨት በ8 ሚሊ ሜትር ብሱ። ምላሱን አስገቡና የትራፓኖውን ጫፍ በቀዳዳው አሳልፋችሁ ምላሱ ላይ ምልክት አድርጉ። ምላሱን አውጡት። ከዚያ ምላሱን የምትበሱት ምልክቱ ላይ ሳይሆን ከምልክቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ወደ ምላሱ ሥር አስጠግታችሁ ነው። የወይራ ችንካር ጫፉን አሹላችሁ ስትመቱት ቀዳዳዎቹ ስለማይገጣጠሙ ምላሱን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። ማዕዘኑ ይጠብቃል። ኮላ ባይኖርም ይይዛል። ኮላ ካደረጋችሁ ውሃ የሚችለውን ዓይነት ግዙ፤ ተራው ነጭ ኮላ ዝናብ ላይ አቅም የለውም።

ፍሬሙ ሲገጣጠም ሰያፎቹን እንደገና ለኩ። እኩል እስኪሆኑ በረጅሙ ሰያፍ በኩል ጫን በሉት። ከዚያ በጥግና በጥግ መካከል ቀጭን ጣውላ በሰያፍ ምቱበት። ግድግዳው ላይ ተተክሎ ጭቃው እስኪደርቅ ድረስ ይህ ጣውላ አይነሳም።

መዝጊያዎቹ

ሁለት ናቸው። ልኬታቸውን የሚወስነው ፍሬሙ ነው። የእኛ ክፍት ቦታ ስፋት 70 ሲሆን በግራ በቀኝ 1.2 እርከን ሲጨመር 72.4 ይሆናል። በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር፣ መሃል ላይም 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዉ። ሁለቱ መዝጊያዎች መሃል ላይ በ1.2 ሳንቲ ሜትር ይደራረባሉ። ስሌቱ ለእያንዳንዱ 36.3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሰጣል። ቁመቱ 89 ላይ የላይና የታች እርከን ሲጨመር 91.4፤ ከላይ 3፣ ከታች 4 ሚሊ ሜትር ሲቀነስ 90.7። በመጋዝ ስትቆርጡ 2 ሚሊ ሜትር አስተርፉ። መላጊያ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

የቆሙት እንጨቶች 4 በ6 ሳንቲ ሜትር፣ የላይ አግዳሚው 4 በ6፣ የታች አግዳሚው 4 በ9 ይሁን። ታችኛው የሚሰፋው ውሃ የሚያገኘው እሱ ስለሆነ ነው። ማዕዘኖቹ እንደ ፍሬሙ ወንዴና ሴቴ፣ በችንካር። ሁለት ነገር ጨምሩ። በውጭ በኩል ለመስታወቱ 1 ሳንቲ ሜትር እርከን፣ ከታች አግዳሚው ሥር ደግሞ እንደ ደፉ ያለ ትንሽ ቦይ።

ማጥበቂያ ብረት ከሌላችሁ ገመድ ይበቃል። መዝጊያውን በገመድ ዙሪያውን እሰሩ፣ በገመዱ መካከል አጭር ዱላ አስገቡና አጠንጥኑት። ዱላውን መዝጊያው ላይ አስደግፉት። በየጥጉ ካርቶን አድርጉ፤ ገመዱ እንጨቱን እንዳይበላው።

በድሮው ዘመን መስኮት መስታወት አልነበረውም፤ በሳንቃ ይዘጋ ነበር። ሳንቃ ለመሥራት ከፈለጋችሁ ሰፊ ጣውላ አጣብቃችሁ አንድ ወጥ አታድርጉት። በየ10 ሳንቲ ሜትር ስፋት 1 ሚሊ ሜትር ያህል በክረምትና በበጋ መካከል ይንቀሳቀሳል። ጣውላዎቹን እርስ በርስ አደራርባችሁ፣ ኮላ ሳታስነኩ፣ ከኋላ በሁለት አግዳሚ ያዟቸው።

ቅብ

ከመትከል በፊት ቅቡ። በኋላ ብሩሽ የማይደርስበት ቦታ ይበዛል። የተልባ ዘይት ከቀለም ቤት ግዙ፤ በስሱ ቅቡት፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የቀረውን በጨርቅ ጥረጉት፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ይድረቅ፣ ድገሙት። የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ግን ጠቅልላችሁ አትጣሉ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፤ የተጠቀለለ ጨርቅ በራሱ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ውሃ ውስጥ ንከሩት ወይም ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት።

የእንጨቶቹ ጫፍ፣ በተለይ የመቃኖቹ እግር፣ ሦስት አራት ጊዜ ይጠጣ። ጭቃውን የሚነካውን የፍሬሙን ጀርባ ካትራሜ (ጥቁር ሬንጅ) ቀቡት። አንዳንድ ሰው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል። ምስጥን ለጊዜው ቢያርቅም ለቤት ውስጥ ጤና ጥሩ አይደለም፤ ከላዩም ቀለም አይይዝም።

መትከል

ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ይይዛል፣ ሌላው ይለካል። ፍሬሙን ቀዳዳው ውስጥ አቁሙና በአራቱም ጥግ ቀጫጭን የእንጨት ሽብልቅ አስገቡ። ደፉን በውሃ ልክ አስተካክሉ። መቃኖቹን በቱንቢ፣ ማለትም ጫፉ ላይ ክብደት በታሰረበት ገመድ፣ ተመልከቱ፤ ከፊትም ከጎንም። መቃኑ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ መዝጊያው ተከፍቶ አይቆምም፣ ራሱ ይዘጋል ወይም ራሱ ይከፈታል። ግድግዳው ራሱ ካዘመመ ግድግዳውን አትከተሉ፤ ቱንቢውን ተከተሉ።

ፍሬሙን በየጎኑ ሦስት ቦታ ወደ ቋሚው ምቱት። ቀድማችሁ ብሱ። ሚስማሩ ረጅም ይሁን፤ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ቋሚው ውስጥ ይግባ። ከእያንዳንዱ ሚስማር በኋላ ውሃ ልኩን ደግማችሁ እዩ።

ጭቃውን ከሳምንት በፊት አዘጋጁ። የጤፍ ጭድ ደባልቁበት፣ ውሃ ጨምሩ፣ በየቀኑ ርገጡት፣ ይቡካ። ያልቦካ ጭቃ ይሰነጠቃል። የግድግዳውን ጠርዝ ውሃ እርጩበት፤ ደረቅ ጭቃ ላይ እርጥብ ጭቃ አይያያዝም። በአንዴ አትሙሉት። መጀመሪያ እስከ ግማሽ ጠቅጥቁት፣ ይድረቅ፣ ስንጥቁን ዝጉ፣ ከዚያ ቀሪውን። የመጨረሻውን ስስ ልስን በኖራ ብታደርጉት ያምራል፣ ውሃም ይችላል።

ሲሚንቶ አትጠቀሙ። አውቃለሁ፣ ቶሎ ያልቃል፣ ያማረም ይመስላል። ግን ከጭቃ ጋር አይግባባም። ጭቃው ሲሰበሰብ ሲሚንቶው ይለያል፣ በመካከሉ ውሃ ይገባና መውጫ ያጣል። እንጨቱ የሚበሰብሰው በዚያ እርጥበት ነው። በሰፈሬ ይህን ያደረጉ ቤቶች በሁለት ክረምት ውስጥ ዙሪያቸው ተሰንጥቆ አይቻለሁ።

ጭቃው ሲደርቅ ሰያፉን ጣውላ አንሱና መዝጊያዎቹን ስቀሉ። ለዚህ ቁመት በየመዝጊያው ሁለት ማጠፊያ ይበቃል፤ ከላይና ከታች 15 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ። ከ120 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ሦስት አድርጉ። መጀመሪያ በአንድ አንድ ብሎን ብቻ ያዙ፣ ከፍታችሁ ዝጉ፣ የሚያሻኸውን በመላጊያ አንሱ፣ የተላገውን ቦታ ዘይት ቅቡ፣ ከዚያ የቀሩትን ብሎኖች አጥብቁ።

መስታወት

መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው። 4 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከእርከኑ ልኬት በስፋትም በቁመትም 3 ሚሊ ሜትር አሳንሳችሁ አስቆርጡ። እርከኑን ቀድማችሁ ዘይት ወይም የመጀመሪያ ቀለም ካልቀባችሁት ደረቁ እንጨት የስቱኮውን፣ ማለትም መስታወቱን የሚይዘውን ሊጥ፣ ዘይት ይመጠዋል፣ ስቱኮው ይረግፋል። ስስ ስቱኮ አንጥፉ፣ መስታወቱን በጠርዙ በኩል ቀስ ብላችሁ ጫኑ፤ መሃሉን በጭራሽ አትጫኑ። በየ20 ሳንቲ ሜትር ትናንሽ ሚስማር በአግድም አስይዙ። ከላይ በስቱኮ በዳፋት ዝጉት። ሁለት ሳምንት ያህል ጠብቃችሁ ቀለም ቅቡ፤ ቀለሙ መስታወቱ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይውጣ። ውሃ በስቱኮውና በመስታወቱ መካከል እንዳይገባ የሚዘጋው ይህ ነው።

የመጀመሪያው ክረምት

ሐምሌ ላይ ጠንካራ ዝናብ እንዳባራ ወደ መስኮቱ ሂዱ። እጃችሁን ከደፉ ሥር፣ ከቦዩ ወደ ግድግዳው በኩል አሳልፉ። ደረቅ ከሆነ ሥራው ተሳክቷል። እርጥብ ከሆነ ቦዩ በጭቃ ወይም በቀለም ተደፍኗል፤ በመሮ ጫፍ አጽዱት። በውስጥ በኩል ደፉ ላይ ውሃ ካገኛችሁ የመዝጊያውን ታች እዩ፤ ቦዩ ወይም ዳፋቱ ጠፍቷል። መዝጊያው ከጠበቀባችሁ አትላጉት። ጥቅምት እስኪመጣ ታገሡ፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ይለቃል። በጥቅምት ካልለቀቀ ያን ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ አንሱለትና ዘይት ቅቡት።